በጀማሪ መጽሐፍ ዲጂታል ፎቶግራፍ መማር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የካሜራ መጽሐፍ ይዘው በራሳቸው ለመማር የተነሡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ደጋግመው ያነሡልኝ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ካሜራ ገና አልገዛሁም፤ መጽሐፉን ማንበብ ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?

ይጀምሩ፤ ነገር ግን እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አያንብቡት። አንድ ምዕራፍ አንብቦ ያንኑ ብቻ ለሳምንት መለማመድ መጽሐፉን በሁለት ቀን ከመጨረስ እጅግ ይበልጣል። ስልክዎ ካሜራው ውስጥ «ፕሮ» የሚል ምርጫ ካለው የሹተር ፍጥነትንና አይኤስኦን (ትርጉማቸው ከታች አለ) በእሱ መለማመድ ይቻላል። አፐርቸር ግን ካሜራ እስኪገኝ መጠበቁ አይቀርም፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ የሌንሱ ቀዳዳ ቋሚ ነውና።

ከካሜራው ጋር የመጣው መመሪያና የጀማሪ መጽሐፉ አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ከካሜራው ጋር የሚመጣው መመሪያ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ መጽሐፉ ደግሞ ያንን ቁልፍ መቼና ለምን እንደሚጫኑት ያስረዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ አይኤስኦን ወደ 800 ከፍ እንዲያደርጉ ሲነግርዎ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያሳየው መመሪያው ነው። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ መመሪያው ብዙ ጊዜ አብሮ አይገኝም፤ የዋና ዋናዎቹን አምራቾች መመሪያ ግን ከየድረ ገጻቸው በነፃ ማውረድ ይቻላል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የስም ጉዳይ ነው። ካኖን አንዱን ካሜራ በየአገሩ በተለያየ ስም ይሸጣል፤ በአውሮፓ 2000ዲ የሚባለው በአሜሪካ ሬቤል ቲ7፣ በአንዳንድ የእስያ አገሮች ደግሞ 1500ዲ ነው። ስለዚህ የያዙት ካሜራ 2000ዲ ሆኖ የመጽሐፉ ሽፋን ሬቤል ቲ7 ቢል መጽሐፉ የእርስዎው ካሜራ መጽሐፍ ነው። የኒኮን ካሜራ ይዘው የካኖን መጽሐፍ ቢደርስዎም አይመልሱት። ስለ ብርሃን የሚናገረው ለሁሉም ካሜራ ይሠራል፤ የሚለየው በዋናነት የቁልፎቹ ቦታና ስያሜ ነው። አፐርቸሩን ወይም ሹተሩን እርስዎ የሚመርጡባቸውን፣ ካኖን «ኤቪ» እና «ቲቪ» ብሎ የሚጽፋቸውን ሞዶች (የአሠራር ምርጫዎች) ኒኮን «ኤ» እና «ኤስ» ይላቸዋል።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ይቅርብኝ?

አይቅርብዎ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት የሙያ ቃላት ብዙ አይደሉም፤ ከእነሱም ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ፎከስና ዙም አስቀድመው የሚያውቋቸው ናቸው። ለቀሩት አዲስ የአማርኛ ቃል መፈለግ ለጀማሪ አይጠቅምም ባይ ነኝ፤ በካሜራው ስክሪን ላይ የሚያገኙት ያንኑ የመጽሐፉን ቃል ስለሆነ እንዳለ መያዙ ይሻላል። ትርጉሙን ግን በራስዎ አማርኛ በደብተር ይጻፉ፤ በራስ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻሉት ነገር ገና አልገባዎትም ማለት ነው። ሥዕሎቹንም በደንብ ይመርምሩ፤ ከሥዕሉ ሥር የተጻፉት ቁጥሮች በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው።

አፐርቸር፣ ሹተርና አይኤስኦ ሦስቱም ብርሃንን የሚመለከቱ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ሹተር መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ አይኤስኦ ደግሞ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል) የተቀበለው ብርሃን ምን ያህል ጎልቶ እንዲታይ እንደሚደረግ የሚወስን ቁጥር ነው። ሦስቱም ፎቶውን ሊያደምቁት ወይም ሊያጨልሙት ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን የተለየ ዋጋ ያስከፍላሉ። ቀዳዳው በሰፋ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ይጠባል፤ ሹተሩ በዘገየ መጠን የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዛል፤ አይኤስኦው ከፍ ባለ መጠን ጥላው ውስጥ እንደ አሸዋ ያለ ሻካራ ነጠብጣብ ይበዛል። የቀዳዳው ስፋት የሚጻፈው በኤፍ ቁጥር ነው፤ ትንሽ የኤፍ ቁጥር ሰፊ ቀዳዳ የሚሆንበት ምክንያት የሚያስቸግርዎ ከሆነ እንጀራን ያስቡ፤ ለአራት ሲካፈል የሚደርሰው ቁራሽ ለስምንት ሲካፈል ከሚደርሰው ይበልጣል። የኤፍ ቁጥርም የሌንሱን ሚሊሜትር የሚያካፍል ነው፦ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ላይ የቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊሜትር ሲሆን በኤፍ 8 ላይ ግን ከ6 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም።

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ይለማመዱት፤ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ክፍል አላገኘሁም። ቡና የምታፈላዋ ሴት ከመስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይገባል፤ የዕጣኑ ጭስ ከመስኮቱ ፊት ሲያልፍ ይታያል። ካሜራው በኤፍ 4 እና በአይኤስኦ 400 ላይ ሆኖ ሹተሩ 1/15 ሰከንድ ሆነ እንበል። ጀበናውን አዘንብላ ሲኒው ውስጥ ስትቀዳ ፊቷ ደህና ይወጣል፤ እጇ ግን ደብዝዞ የጀበናው አንገት ሁለት መስሎ ይታያል። አይኤስኦውን ወደ 800 ሲያሳድጉ ሹተሩ ወደ 1/30፣ ወደ 1600 ሲያሳድጉ ደግሞ ወደ 1/60 ይሄዳል፤ አሁን እጇ በአብዛኛው ይጠራል፤ በምትኩ ከኋላዋ ባለው ጨለማ ግድግዳ ላይ ሻካራው ነጠብጣብ መታየት ይጀምራል። እያንዳንዱ እርምጃ ብርሃኑን በእጥፍ የሚጨምር ወይም በግማሽ የሚቀንስ ሲሆን መጽሐፉ «ስቶፕ» የሚለው ይህንኑ ነው። ኤፍ 1.8 ድረስ የሚከፈት የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ካለዎት ደግሞ አይኤስኦው በ1600 ላይ እንዳለ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 2 ይክፈቱት፤ ሁለት ስቶፕ ስለሚያገኙ ሹተሩ 1/250 ይደርስና ከጀበናው የሚወርደው ቡና ራሱ እንደ ክር ጠርቶ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ግን ፊቷና እጇ በአንድነት ላይጠሩ ስለሚችሉ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ከየትኛው ሞድ ልጀምር? ኤም ካልሆነ ፎቶ አንሺ አያሰኝም የሚሉ አሉ።

አፐርቸሩን እርስዎ መርጠው ሹተሩን ካሜራው ከሚመርጥበት ሞድ፣ ማለትም ከኤቪ ወይም ከኤ ይጀምሩ። ኤም፣ ማለትም ሁሉንም ቁጥር ራስዎ የሚመርጡበት ሞድ፣ ብርሃኑ በማይለዋወጥበት ቦታ ጠቃሚ ነው፤ ደመና እየመጣ በሚሄድበት የደሴ ሰማይ ሥር ግን ጀማሪው ቁጥር ሲያስተካክል ፎቶው ያመልጠዋል።

ፎቶዎቼ ብዥ ይላሉ፤ ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?

ብዙ ጊዜ ሌንሱ አይደለም። ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አጉልተው ይመርምሩት። ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ የተሳበ ከመሰለ እጅዎ ተንቀሳቅሷል። ግድግዳው ጠርቶ ባጃጁ ብቻ ከደበዘዘ ባጃጁ ከሹተርዎ ፈጥኗል። ሰውየው ደብዝዞ ከኋላው ያለው አጥር ከጠራ ደግሞ ፎከሱ ያረፈው አጥሩ ላይ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ስሕተቶች ስለሆኑ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ለእጅ መንቀጥቀጥ የቆየ ደንብ አለ፦ የሹተሩ ቁጥር ከሌንሱ ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። የጀማሪ ካሜራዎች ሴንሰር ከ35 ሚሊሜትሩ ፊልም ስለሚያንስ በካኖን 1.6፣ በኒኮን 1.5 ማባዛት ያስፈልጋል፤ አብሮ የሚሸጠውን የ18–55 ሌንስ እስከ 55 ከዘረጉት ከ1/100 ሰከንድ በታች አይውረዱ። መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ሌንስ ካለዎት ከዚህም ዝቅ ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን የሚያግዘው የእርስዎን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አይደለም። ለፎከሱ ደግሞ ካሜራው ነጥቡን ራሱ እንዲመርጥ አይተዉለት፤ የመካከለኛውን ነጥብ ብቻ መርጠው ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ ያሳርፉት።

በጉም ቀን ያነሣሁት ሁሉ ግራጫ ይሆናል፤ ነጭ ነጠላ የለበሰች እናቴም ፊቷ ጠቁሮ ይወጣል። ለምን?

የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ነገር ምንነት አያውቅም። ማንኛውም ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት ስክሪኑ በነጭ ሲሞላ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል። በደሴው ተራራ በጦሳ ላይ የሚወርደው የክረምት ጉም የአመድ ቀለም የሚይዘው፣ በነጠላ የተከበበው ጠይም ፊትም ከነጩ ጋር ተጎትቶ የሚጨልመው በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራው አልተበላሸም፤ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል።

ማስተካከያው ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ለጉም አንድ ስቶፕ በመጨመር ይጀምሩ። ለነጠላው ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ይጨምሩና ፎቶውን አጉልተው የጥበቡን ክር ይመልከቱ፤ ፊቱ በርቶ ክሩ እየተለየ የሚታይ ከሆነ ልክ ነው፤ ነጩ ወረቀት መስሎ ክሩ ከጠፋ ግን በዝቷልና ጥቂት ይቀንሱ። ጥቁር ጅልባብ ወይም የካህን ጥቁር ካባ ስክሪኑን ሲሞላው ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ጥቁሩን ወደ ግራጫ ስለሚያነጣው ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ መቀነስ ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ በአንድ ድግስ ላይ ነጠላውም ጅልባቡም ጎን ለጎን ይቀመጣሉና ሁለቱንም አስቀድሞ መለማመዱ ግድ ነው። በብዙ መጻሕፍት ይህ ጉዳይ በበረዶ ምሳሌ ተጽፎ ስለሚገኝ አንባቢዎቻችን «እኛን አይመለከትም» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ገጽ ይህ ነው እላለሁ።

መጽሐፉ «ወርቃማው ሰዓት» የሚለውን ብርሃን ጠብቄ ስወጣ አላገኘውም። የት እየተሳሳትኩ ነው?

አልተሳሳቱም፤ መጽሐፉ የተጻፈው በሌላ ሰማይ ሥር ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ሲሆን እዚያ ፀሐይ በሰያፍ እየተንሸራተተች ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ ለስላሳው ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ከአድማስ ተነሥታ ስድስት ዲግሪ እስክትደርስ የሚወስድባት ጊዜ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ በፍጥነት ይነጣል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቦታዎን ይዘው መቆም አለብዎ፤ ቁርስ በልቶ የወጣ ሰው አይደርስበትም።

ማታ ላይ ደግሞ የደሴ የራሷ ጣጣ አለ። ከተማዋ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ተደግፋ የተቀመጠች በመሆኗ ፀሐይ ገና ከአድማስ ሳትደርስ ተራራው ይጋርዳታል። መጽሐፉ «ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያለው የመጨረሻው ሰዓት» ሲል ከጦሳ ግርጌ ያለው ሰፈር በጥላ ውስጥ ነው። የጥላው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ካሜራው ላይ የቀለም ሚዛኑን የቤትና የጥላ ሥዕል ወዳለበት ምርጫ ቢለውጡት የሰው ቆዳ ሙቀቱን ይመልሳል። ወርቃማውን ብርሃን ካልተዉት ግን ከተማው ውስጥ ሆነው አይጠብቁ፤ ጥላው ዘግይቶ ወደሚደርስበት ወደ ምሥራቁ ከፍታ ወጥተው ፊትዎን ወደ ከተማው ያዙሩ።

የቀትሩም ብርሃን ቢሆን ከመጽሐፉ የከፋ ነው። በሚያዝያ 11 ገደማና በነሐሴ 18 ገደማ ፀሐይ በደሴ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትውላለች፤ በታኅሣሥም ቢሆን በቀትር ከ55 ዲግሪ አትወርድም። በዚህ ሰዓት የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ሰውየውን በረንዳ ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ትንሽ ገባ አድርገው ፊቱን ወደ ውጭ ያዙሩት፤ በፀሐይ የተመታው ግቢ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊቱ ይመልሳል። ከግቢው ላይ ነጭ አንሶላ ቢዘረጉ ደግሞ ውጤቱ ወዲያው ይታያል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሌንሱ ጉም ይለብሳል፤ ካሜራው ይበላሻል?

ካሜራው ቀዝቅዞ እርጥበት ያለው ሞቃት አየር ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ በሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ አየሩ ይለወጣል፤ ነገር ግን እንዳየሁት ዋናው ጥፋተኛ ቁልቁለቱ ሳይሆን ሚኒባሱ ነው። በክረምት ጠዋት ብርድ ላይ ቆይተው ይሳፈራሉ፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ በሰው ትንፋሽ መስተዋቱ ላብ ይዟል። በዚህ መካከል ካሜራውን ከቦርሳ ካወጡት የሌንሱ ፊት ወዲያው ይሸፈናል። ስለዚህ ከመሳፈርዎ በፊት በላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ቋጥረው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱትና ኮምቦልቻ ደርሰው ግማሽ ሰዓት እስኪያልፍ አይፍቱት፤ ውኃው ከላስቲኩ ላይ ይቀራል።

ጉም ከለበሰ በኋላ በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ሌንሱን ይጭራል፤ ሌንሱንም በዚያ ሰዓት አይፍቱት፤ ይተዉትና ራሱ ይደርቃል። ለዘለቄታው የሚያሰጋው እርጥበት ባለበት ቁም ሣጥን ለወራት ተዘግቶ መቀመጡ ነው፤ በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ የሚበቅለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በሮው ላንሣ ወይስ በጄፔግ?

ኮምፒውተር ከሌለዎት ካሜራው ራሱ አቀናብሮ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ያንሡ። ሮው፣ ማለትም ያልተቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ ከፎቶው በኋላ የቀለም ሚዛኑንና ብርሃኑን በሰፊው ለማስተካከል ያስችላል፤ ግን የግድ ማቀናበር ይፈልጋል፣ በካርዱ ላይም እጥፍ ድርብ ቦታ ይይዛል። ለሠርግና ደግሞ ለማይመለስ አጋጣሚ ካሜራው ሁለቱንም በአንድ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል።

ያገለገለ ካሜራና ሚሞሪ ካርድ ስገዛ ምን ልይ?

ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይዘው በውስጡ ሻጋታ እንደሌለ ይመልከቱ። ቀጥሎ ኤፍ 16 ላይ አድርገው ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያንሡ፤ በፎቶው ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በሴንሰሩ ላይ ያረፉ አቧራዎች ናቸው። አቧራ ይጸዳል፤ ሻጋታና ጭረት ግን ዋጋ ያስቀንሳሉ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታም ሻጩን ይጠይቁ፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ነውና።

ካርድን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከአንድ ሱቅ 64 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ገዝቼ ሠርግ አነሣሁበት። ካሜራው ምንም ስሕተት አላሳየም፤ ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን የጠዋቱ ፎቶዎች ደህና ሆነው የሙሽሮቹ መግቢያና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አይከፈትም። ካርዱ እውነተኛ መጠኑ ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ኖሯል። እስከ ዛሬ ያንን ቤተሰብ መንገድ ላይ ሳገኝ አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርድ ስገዛ ኮምፒውተር ላይ በፊልም ፋይል አፍ እስከ ገደፉ እሞላውና መጨረሻ የገባውን ከፍቼ ሳላይ ለሥራ አላወጣውም። ካርዱን ባዶ ሲያደርጉም በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በካሜራው ፎርማት ያድርጉት።

ገበያ ላይ ሰው ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልገኛል? መጽሐፉ በአደባባይ ማንንም ማንሣት ይቻላል ይላል።

መጽሐፉ የሚናገረው ስለተጻፈበት አገር ሕግ ነው። በእኛ አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ከዚህ የሚወጡ ጉዳዮችን ይዘረዝራል፤ የታወቁ ሰዎችና የመንግሥት ሥራ ኃላፊዎች እንዲሁም በአደባባይ የሚደረጉ በዓላትና ሁነቶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ የበዓል ሰልፍ ሲያነሡ አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ገበያ ላይ እህል የምትሸጥን አንዲት ሴት ፊት ብቻ አጉልቶ አንሥቶ ማሠራጨት ሌላ ነው።

ከሕጉም በላይ የአካባቢው ወግ አለ። ሰላምታ ሰጥተው፣ ካሜራውን ዝቅ አድርገው «እማማ፣ ላንሣዎት?» ብለው ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉ አመስግነው ይለፉ። እሺ ካሉ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ ያሳዩ፤ አሳትመው እንደሚያመጡ ቃል ከገቡ ግን ያምጡ። ቃሉን የበላ ፎቶ አንሺ የሚቀጥለውን በር ለሁላችንም ይዘጋብናል። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አያንሡ። ወደ ወታደራዊና የጥበቃ ቦታዎችም ካሜራ አያዙሩ።

መጽሐፉን ጨርሻለሁ፣ ቁጥሮቹንም ይዣለሁ፤ ፎቶዬ ግን የመጽሐፉን አይመስልም። ምን ቀረኝ?

ቁጥሮቹን መያዝዎ ሳይሆን አይቀርም ችግሩ። ከሥዕሉ ሥር «ኤፍ 8፣ 1/125፣ አይኤስኦ 100» ተብሎ ሲጻፍ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት የነበረውን ብርሃን ይነግረናል እንጂ ብርሃኑን አያመጣልንም። ያንኑ ቁጥር በቡና ቤት ቢጠቀሙበት ጥቁር ፎቶ ያገኛሉ። ከመጽሐፉ የሚወሰደው ፎቶ አንሺው ኤፍ 8ን ለምን እንደመረጠ ነው፤ ቁጥሩን የሚሰጥዎ ፊትዎ ያለው ብርሃን ነው።

ስለዚህ አንድ ቦታ ይምረጡ። ኮምቦልቻ ያሉ ሰዎች የቦርከናን ዳር ቢይዙ መልካም ነው፤ ውኃው በ1/500 ሰከንድ ሲቆም፣ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው በ1/8 ሲያነሡት ደግሞ እንደ ጥጥ ሲፈተል ያዩታል። ደሴ ያሉት ከቤታቸው መስኮት ቢጀምሩም ይበቃል። ያንኑ ቦታ ለአንድ ወር በተለያየ ሰዓት ያንሡና በካሜራው የ«ኢንፎ» ቁልፍ ቁጥሮቹን እያዩ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጻፏቸው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለመጻፍ ስድስት መቀነስ አይርሱ። እኔ በያዝኩት መጽሐፍ ስለ ማታ ብርሃን ከሚናገረው ገጽ ዳር የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ጥር፣ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጦሳ ጋርዷል፤ የቀለም ሚዛን ጥላ፤ ኤፍ 4፣ 1/125፣ አይኤስኦ 800፤ ፊት ወደ ምሥራቅ አይዙር፣ ወደ ሰማዩ ይዙር።»